ሬጉሌተሩ ከበደኝ ስትሉ ቶሎ ኖቡን እንዳትነኩት

ባህር ውስጥ ሲጠልቅ የቆየ ሰው ከውሃ ወጥቶ ሬጉሌተሬ ( የሲሊንደሩን አየር ግፊቱን ቀንሶ አፍ ላይ የሚያደርሰው ዕቃ ) አየር አልሰጥ አለኝ፣ ከበደኝ ሲል ዙሪያው ያለው ሁሉ የሚመክረው አንድ ነገር ነው፣ ጎኑ ላይ ያለችውን የምትዞር ማስተካከያ፣ ኖቧን፣ ፈታ አርጋት። ትንሽ ደፈር ያለው ደሞ ክፈተውና ሞላውን አላላው ይላል። እኔ ግን ኖቧ መነካት ያለባት መጨረሻ ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አተነፋፈስ ሲከብድ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ጋ ነው፣ ወይ ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው ክፍል፣ ፈርስት ስቴጁ፣ ትክክለኛ ግፊት እየሰጠ አይደለም፣ ወይ የሲሊንደሩ ቫልቭ ግማሽ ብቻ ነው የተከፈተው፣ ወይ በጥርስ የሚነከሰው ጎማ፣ ማውዝፒሱ፣ ትልቅ ሆኖ መንጋጋ እያደከመ ነው፣ ወይ ደሞ ሰውየው ራሱ ቶሎ ቶሎ ቁርጥ ቁርጥ እያረገ ነው የሚተነፍሰው። ስለዚ እዚ የምጽፈው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚታይ ነው፣ በተለይ እንደኛ ጅማ ተቀምጦ አልፎ አልፎ ጅቡቲ ወርዶ ለሚጠልቅ፣ ሌላውን ጊዜ ዕቃው ቁምሳጥን ላይ ለሚከርምበት፣ አጠገቡ ሰርቪስ የሚያረግለት ሰው ለሌለው።

አንድ ነገር በቅድሚያ፣ መለካትና መፈተሽ ማንም ይችላል፣ አፍ ላይ ያለውን ክፍል፣ ሰከንድ ስቴጁን፣ ትንሽ ማስተካከል ደሞ እጁ ረጋ ያለ ሰው መሳሪያ ካለው ይችላል፣ ፈርስት ስቴጅ መክፈት ግን ኮርስ የወሰደና ትክክለኛ መለዋወጫ ያለው ሰው ስራ ነው። አየር እንዳያመልጥ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉን፣ ከዕቃ መደብር የተገኘውን መግጠም የሚባል ነገር የለም። እዛ ላይ አልከራከርም።

አሁን ስለ አሰራሩ ትንሽ፣ ይሄ ካልገባ የቀረው ሁሉ ጭፍን መነካካት ነው የሚሆነው። ሲሊንደሩ ሲሞላ 200 ባር ( ባር የግፊት መለኪያ ነው ) አካባቢ ነው። ፈርስት ስቴጁ ይሄንን ያወርድና በዙሪያችሁ ካለው ግፊት በላይ ከ9 እስከ 10 ባር የሚሆን አየር ቱቦው ውስጥ ያቆማል፣ ይሄ መሀል ላይ ያለው ግፊት ነው አይፒ የሚባለው። ሰከንድ ስቴጁ ደሞ አፋችሁ ላይ ያለው ነው፣ የሰፈሩ የውሃ መስመር ሁሌ ግፊት ይዞ እንደሚጠብቅና ቤት ያለችው ቧንቧ ግን ስትከፍቷት ብቻ እንደምትሰጠው ማለት ነው። ውስጡ ስፋት ያላት ስስ ጎማ አለች፣ ዲያፍራም፣ ስትስቡ ወደ ውስጥ ትገባና ሌቨሯን ትጫናለች፣ ሌቨሯ ደሞ ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ያለውን መዝጊያ፣ ፖፔቱን፣ አየር ከሚገባበት ቀዳዳ፣ ከኦሪፊሱ አፍ ላይ ትጎትተዋለች፣ አየር ይገባል። መሳብ ስታቆሙ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል።

እዚጋ ልብ በሉ፣ ሞላው ሊዘጋ ይገፋል፣ አይፒው ደሞ ሊከፍት ይገፋል። የሁለቱ ሚዛን ነው አተነፋፈሱን የሚወስነው። አይፒው ዝቅ ካለ ሞላው ያሸንፍና ይከብዳችኋል፣ አይፒው ከፍ ካለ ደሞ በራሱ ማፍሰስ ይጀምራል። አይፒው ሳይለካ ሞላውን የሚያላላ ሰው እንግዲህ የማያውቀውን ነገር በሌላ የማያውቀው ነገር እያካካሰ ነው። ባላንስድ የሚባሉት ሰከንድ ስቴጆች ላይ የተወሰነው አየር ከፖፔቱ ጀርባ ገብቶ ሞላውን ስለሚያግዝ የአይፒ መለዋወጥ ያን ያህል አይሰማም፣ ግን ለነሱም ቢሆን መጀመሪያ አይፒ ነው።

ያለ አየር መጀመር የሚቻል ነገር አለ። የፈርስት ስቴጁን ክዳን ጥብቅ አርጋችሁ ዝጉትና ማውዝፒሱን አፋችሁ ውስጥ አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ትንሽ ይመጣና ከዛ ድርቅ ብሎ መያዝ አለበት። አየር ከገባ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ ውሃ ውስጥም በዛው ቦታ ውሃ ይገባል ማለት ነው። መጀመሪያ ማውዝፒሱን እዩት፣ ጥርስ የሚነክሳት ቦታና የላስቲክ ማሰሪያዋ ስር ትሰነጠቃለች፣ ቀጥሎ ማውጫ ቫልቩን፣ ከስር ያለችውን እንጉዳይ የምትመስል ስስ ጎማ፣ አንድ ፍሬ አሸዋ ወይ አንድ ፀጉር ጠርዟ ስር ከገባ በቃ አትዘጋም። በዚ አጋጣሚ ጅማ ለሚኖር ሰው፣ ማውዝፒሱን ሳትሸፍኑ አታስቀምጡ። ጉንዳንና በረሮ ጨለማና ትንሽ እርጥበት ያለበት ቀዳዳ ይወዳሉ፣ ሬጉሌተር ደሞ ልክ እንደዛ ነው።

ከዛ የፈርስት ስቴጁን መግቢያ በስልክ መብራት እዩ። መግቢያው ላይ ትንሽ ከብረት ብናኝ የተጋገረች ፊልተር አለች፣ ንፁህ ስትሆን ብርማ ነው መልኳ። አረንጓዴ ከሆነች የባህር ውሃ ገብቷል፣ ቡናማ ወይ ቀይ ካለች ከብረት ሲሊንደር የመጣ ዝገት ነው፣ ግራጫ ዱቄት ከሆነ ከአሉሚኒየም ሲሊንደር ነው፣ ጥቁር ደሞ ከኮምፕረሰሩ ፊልተር የመጣ ካርቦን ሊሆን ይችላል። ፊልተሯ ከተደፈነች ላይ ላዩን ምንም አይመስልም፣ ጥልቀት ላይ በደንብ ስትስቡ ነው አየሩ የሚያጥራችሁ። እንደዚ ካያችሁ ማስተካከል ምናምን የለም፣ ሰርቪስ ነው።

ለቀጣዩ ግን አየር ያስፈልጋል፣ እሱም በትክክል ለመተንፈሻ የተሞላ ሲሊንደር። እዚ ላይ አንድ ብልጥ የሚመስል ሐሳብ አለ፣ የጎሚስታ ኮምፕረሰር 8 ወይ 10 ባር ይሰጣል፣ አይፒውም እንደዛው ነው፣ ታዲያ ሰከንድ ስቴጁን ለምን እዛ አንፈትሽም የሚል። ኧረ ተዉ። የጎማ መንፊያ አየር ዘይትና ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ኮምፕረሰሩ በሞተር የሚሰራ ከሆነ ደሞ ጭሱን መልሶ ሊስብ ይችላል፣ ከውስጥ የተቀባው ዘይት ደሞ ታጥቦ አያልቅም። ከዚ የባሰው የብየዳ ወይ የሕክምና ኦክስጅን ላይ ልግጠመው የሚለው ነው። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ተራ ቅባት ካገኘ እሳት ነው የሚፈጥረው። ሲሊንደር ካላገኛችሁ ፈተናውን ጅቡቲ ስትደርሱ ከመጥለቃችሁ በፊት ባለው ቀን አርጉት፣ ጀልባው ላይ ሳይሆን።

አይፒ ለመለካት የሚያስፈልገው አንዲት ትንሽ ጌጅ ናት፣ ጠላቂ የሚለብሰው በአየር የሚነፋ ጃኬት መንፊያ ቱቦ ጫፍ ላይ የምትሰካ፣ እስከ 20 ባር ገደማ የምታነብ። ዋጋዋ ከሰርቪስ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም፣ አንድ መሳሪያ ብቻ ግዙ ብባል እሷን ነው የምለው። ጌጇን ሰክታችሁ፣ ሰከንድ ስቴጁም በቦታው እንደተገጠመ መሆኑን አረጋግጣችሁ ( ፈርስት ስቴጁ ቢበላሽ ትርፉ ግፊት የሚወጣው በሱ ስለሆነ )፣ ቫልቩን ቀስ አርጋችሁ ክፈቱ። ፐርጇን፣ ሰከንድ ስቴጁ ፊት ላይ ያለችውን አየር የምትለቅ መጫኛ፣ ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ከዛ ልቀቁና መርፌው የት እንደሚቆም እዩ። በባር ከ9 እስከ 10፣ ጌጃችሁ በፒኤስአይ ከሆነ ከ130 እስከ 145 ማለት ነው፣ የናንተ ሞዴል ቁጥር ግን አምራቹ የሚለው ነው የሚሰራው።

ቁጥሩን አይቶ መሄድ አይደለም ዋናው፣ መርፌውን ለ5 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ደህና ፈርስት ስቴጅ ላይ መርፌው ወደላይ ትንሽ ይገፋና፣ 0.2 ወይ 0.3 ባር ቢሆን ነው፣ ከዛ ምስማር እንደተመታበት ይቆማል። በሽተኛው ግን አይቆምም፣ 9.5 ላይ ነበር፣ ወደ 9.8 ሄደ፣ ስልክ ነክታችሁ ስትመለሱ 10.4፣ እንደዛ እያለ ይሳባል፣ መጨረሻ ላይ ሰከንድ ስቴጁ ስስስ ማለት ይጀምራል። ይሄ ሲት የሚባለው መዝጊያ ተበልቷል ማለት ነው። እንግዲህ ሰከንድ ስቴጄ ያፈሳል ብሎ ኖብ የሚያጠብቅ ሰው የሚደብቀው ይሄንን ነው፣ ፉጨቱ ይጠፋል፣ በሽታው አለ፣ በላዩ ላይ አተነፋፈሱ ከበደ።

ሌላው፣ ፐርጇን ጫን ስታረጉ መርፌው ምን ያህል እንደሚወርድ እዩ። አንድ ባር አካባቢ ወርዶ ስትለቁት ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ሁለት ባርና ከዛ በላይ ከወረደ ወይ ለመመለስ ከዘገየ አየር እየታነቀ ነው፣ ወይ ፊልተሩ ወይ ያልተከፈተ ቫልቭ። ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ የሚከብዳችሁ ከሆነ ደሞ ፈርስት ስቴጃችሁ ባላንስድ ያልሆነ ፒስተን ሊሆን ይችላል፣ እንደ ስኩባፕሮ ኤምኬ2 ዓይነቱ፣ እሱ የሲሊንደሩ ግፊት ሲወርድ አይፒውም አብሮ ይወርዳል፣ ጠንካራ ዕቃ ነው ግን ጠባዩ ነው፣ አይታከምም።

ጅማ የተለካ ቁጥር ጅቡቲ ይሰራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከተማችን 1,700 ሜትር ከምናምን ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው፣ ባህር ላይ 1 ባር ነው። ግን ፈርስት ስቴጁ የሚለካው ከዙሪያው ግፊት በላይ ያለውን ነው፣ ጌጁም እንደዛው፣ ስለዚ እዚ 9.5 ያለው እዛም 9.5 ይላል፣ እንደገና ማስተካከል የለም። ከፍታው የሚነካው ሬጉሌተሩን ሳይሆን እናንተን ነው፣ ብዙ ቀን ደጋግማችሁ ጠልቃችሁ ከጅቡቲ ስትመለሱ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን ላይ አትውጡ፣ በመኪናም ቢሆን ወደ ደጋው አትውጡ።

አይፒው ደህና ከሆነ አሁን ወደ አፍ። ሰከንድ ስቴጁ ለመክፈት ምን ያህል መሳብ እንደሚፈልግ በሳፋ ውሃ ይለካል። ሳፋውን በንፁህ ውሃ ሙሉ፣ አየሩን ክፈቱ፣ ኖቧን እስከመጨረሻው ወደ ውጪ ፍቱ፣ ሰከንድ ስቴጁን ማውዝፒሱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ፐርጇ ወደ ታች ሆና፣ ቀጥ አርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃው አውርዱት። ማውዝፒሱ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ። የሆነ ቦታ ሲደርስ ስስስ ይላል፣ እዛው ያዙትና ከውሃው ገፅ እስከ ዲያፍራሙ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዋና ሬጉሌተር ላይ በጣም ጥሩ ነው። 4 እና 5 ካለ ከባድ ነው። 2 ሳይሞላ ከከፈተ ደሞ ከሚገባው በላይ ቀሏል።

የበለጠ ትክክል ልኬት የሚፈልግ ሰው ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበትን በውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይግዛ፣ ሕንፃ መሳሪያ ሱቅ ሁሉ አለ። ሁለት ሜትር በቂ ነው። ጣውላ ላይ ዩ ቅርፅ ሰርታችሁ እሰሩት፣ ግማሽ ድረስ ቀለም የነካው ውሃ ጨምሩበት፣ የቱቦውን አንዱን ጫፍ ከማውዝፒሱ ጎን በከንፈራችሁ ጥግ ያዙትና በጣም ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አየሩ ስስስ ባለበት ቅፅበት በሁለቱ ዓምዶች መሀል ያለውን የከፍታ ልዩነት አንብቡ። በአንዱ በኩል የወጣውን ብቻ አይደለም፣ የሁለቱን ልዩነት ነው፣ ብዙ ሰው እዚጋ ግማሹን አንብቦ ሬጉሌተሬ ላባ ነው ይላል። አንድ ሴንቲ ሜትር ውሃ አንድ ሚሊባር ነው ብላችሁ ያዙት።

አሁን ማስተካከል። ኖብ ካለው፣ ወደ ውጪ ስትፈቱ ሞላው ይላላል፣ ይቀላል፣ ወደ ውስጥ ስታጠብቁ ይከብዳል። ፐርጇ አጠገብ ያለችው ትንሽ ማንሻ፣ ፕላስና ማይነስ ወይ ዳይቭና ፕሪዳይቭ የተፃፈባት፣ እሷ ሌላ ናት፣ ቬንቹሪ ትባላለች። የመክፈቻውን ክብደት አትቀይርም፣ ከተከፈተ በኋላ የሚገባውን አየር አቅጣጫ ነው የምትቀይረው፣ ፕላስ ላይ ስትሆን የአየሩ ፍሰት ራሱ ዲያፍራሙን እየሳበ ያግዛችኋል። ስለዚ ጀልባ ላይና ከውሃው ገፅ ላይ ስትዋኙ ማይነስ፣ ስትጠልቁ ፕላስ። ስንቱ ሰው ማይነስ ላይ ረስቶት ጠልቆ ሬጉሌተሩን ይራገማል።

በነዚ ካልተስተካከለ፣ አይፒውም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ብቻ ኦሪፊሱ ይነካል። አየሩን ዝጉ፣ ቱቦውን አራግፉ፣ ቱቦውን ከሰከንድ ስቴጁ ስትፈቱ ሁለት ቁልፍ ተጠቀሙ፣ አንዱ የሰከንድ ስቴጁን መግቢያ ይዞ ሌላው የቱቦውን ይፍታ፣ አለዚያ መግቢያው አብሮ ይዞራል። ከውስጥ ካቻቢቴ የሚገባበት ቦይ ያለው ትንሽ ብረት ይታያል፣ ኦሪፊሱ እሱ ነው። ከማዞራችሁ በፊት ፐርጇን ተጭናችሁ ያዙ። ይሄንን አትርሱ፣ የኦሪፊሱ ጫፍ እንደ ቢላ ስል ነው፣ ለስላሳው ጎማ ላይ ተጭኖ እያለ ካዞራችሁት ክብ አርጎ ይቆርጠዋል፣ ከዛ ያ ጎማ በምንም ማስተካከያ አይዘጋም። ፐርጅ ስትጫኑ ጎማው ይርቃል። በአንድ ጊዜ የዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ፣ ከዛ መልሳችሁ ገጥማችሁ፣ አየር ከፍታችሁ፣ ሳፋው ላይ ለኩ። ወደ ውስጥ ሲዞር ይከብዳል፣ ማፍሰስ ያቆማል፣ ወደ ውጪ ሲዞር ይቀላል። ኖቧ ሙሉ ወጥታ እያለ ፉጨቱ በቃ ካቆመበት ላይ አንድ ስምንተኛ ዙር ጨምሩና ተዉት። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግፊት እንዳለበት የሚያስተካክል መሳሪያ አለ፣ ደጋግማችሁ የምትሰሩ ከሆነ እሱን ግዙ።

ስትጨርሱ ፐርጇን በጣት ጫፍ ነካ አርጓት፣ ትንሽ ባዶ መንገድ ሄዳ ከዛ አየር መልቀቅ አለባት። እንደነካችኋት የምትጮህ ከሆነ ወይ ደሞ እስከ መጨረሻ ተጭናችሁ አየሩ ስስት ስስት የሚል ከሆነ የሌቨሩ ከፍታ ልክ አይደለም፣ እሱን ለባለሙያ ተዉት።

ለምን አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ አናደርገውም፣ ይበልጥ አይቀልም ወይ ለሚል፣ ውሃ ውስጥ ዲያፍራሙና አፋችሁ እኩል ጥልቀት ላይ አይሆኑም። ወደ ታች ስታዩ ዲያፍራሙ ከአፋችሁ ዝቅ ይላል፣ ያ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብቻውን ቫልቩን ሊከፍተው ይችላል። ከልክ በላይ ያቀለለ ሰው ኮራል ለማየት ባጎነበሰ ቁጥር አየሩ እየፈሰሰ ይጨርሳል። በጀርባ ስትተኙ ደሞ ዲያፍራሙ ከአፍ በላይ ስለሚሆን ይከብዳል፣ ይሄ ብልሽት አይደለም። ተጠባባቂውን ሬጉሌተር፣ ኦክቶፐሱን፣ ሆን ብላችሁ ከዋናው ከበድ አርጉት፣ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ አፍ ውስጥ ስለማይሆን ለራሱ ቢተው ያፈሳል። አፉን ወደ ላይ አርጎ ውሃ ውስጥ ከገባና መጮህ ከጀመረ ወደ ታች ገልብጡት፣ ያቆማል።

ይሄን ሁሉ አርጋችሁ 30 ሜትር ላይ አሁንም ከበድ ካላችሁ፣ እዛ ግፊቱ 4 ባር ነው፣ የምትተነፍሱት አየር ከላይ ካለው አራት እጥፍ የጠበቀ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 250 ደረጃ ሬጉሌተርን የሚፈትነው በ50 ሜትር፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር እየሳበ፣ ሲሊንደሩ 50 ባር ብቻ ሲቀረው ነው፣ እዛ ያለፈና በደንብ የተያዘ ዕቃ ከናንተ ሳንባ በላይ ይሰጣል። የሚቀረው አተነፋፈስ ነው፣ ረዘም አርጎ መሳብ፣ ከዛ በላይ ደሞ ረዘም አርጎ ማውጣት፣ ምክንያቱም የአየር እጥረት ስሜት የሚመጣው ካርቦንዳይኦክሳይዱ ሳይወጣ ሲቀር ነው። መንጋጋ የሚደክማችሁ ከሆነ ደሞ በሙቅ ውሃ ለስልሶ ጥርስ ላይ የሚቀረፅ ማውዝፒስ አለ። ጅማ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ሰከንድ የሚለው መመሪያ ላይ ትንሽ ጨመር ማረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

የነካችሁትን ሬጉሌተር ቀጥታ ባህር ላይ አትሞክሩት። ቆማችሁ ጭንቅላታችሁ ከውሃ በላይ በሚሆንበት መዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ አጠገባችሁ ሰው ቆሞ፣ ቀጥ ብላችሁ፣ አጎንብሳችሁ፣ በጀርባችሁም ሞክሩት። ጊቤ ግድብ ላይ ልሞክር የሚል አይጠፋም፣ ድፍርስ ነው፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ቦታም ነው፣ ቦዬ ረግረግ ደሞ የጉማሬ ሰፈር ነው፣ እዛ የሚያስተነፍስ ሬጉሌተር አልተሰራም።

ስታስቀምጡ ኖቧን እስከ ውጪ ፍቱ፣ ሞላው ላልቶ ይክረም፣ አለዚያ ጎማው ላይ የኦሪፊሱ ቀለበት ታትሞ ይቀራልና በሚቀጥለው ዓመት ያፈሳል። ከባህር ሲመለስ በንፁህ ውሃ ይታጠብ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ አየር ካልተከፈተበት ደሞ ፐርጅ ሳትጫኑ፣ ካልሆነ ውሃው በቱቦው ወደ ፈርስት ስቴጁ ይሄዳል። በክረምት ቤታችን እንኳን ሬጉሌተር ጫማም ይሻግታልና ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አትቋጥሩት፣ በጥላ ደርቆ በጨርቅ ከረጢት ይሁን፣ ቱቦውም ሰፋ ብሎ ይጠቅለል። አምራቹ በሚለው ጊዜ ለሰርቪስ ስትልኩ ደሞ፣ ወረቀት ላይ አይፒው ስንት እንደሆነ፣ በ5 ደቂቃ ስንት እንደጨመረ፣ ሳፋው ላይ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደከፈተ ፅፋችሁ ከከረጢቱ ጋር እሰሩለት። ሲመለስም አትመኑ፣ መጀመሪያ እነዚያኑ ሦስት ቁጥሮች እናንተው ለኩ።